የሚጎተተው ዎክማኔ

ክራር የተማርኩት ካሴት ከፍቼ አብሬ እየመታሁ ነው። ባለፈው ክረምት ያንን የድሮ ዎክማን፣ በኪስ የሚያዘውን ትንሽዬ የካሴት ማጫወቻ፣ ከካርቶን አውጥቼ ብከፍተው ዘፋኙ ገና ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ይመስላል። ድምፁ ይጎተታል። ሳብ አድርጎ ሲያዜም ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ከእሱ ጋር ለመሄድ ክራሬን ዝቅ አድርጌ መቃኘት ነበረብኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የባትሪ ድንጋዩን ነው። ልጆች ሳለን የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እናሰጣ ነበር፤ ካልሆነም በጥርሳችን እንነክሰዋለን። ለአንድ ሁለት ዘፈን አያጣም። አሁን ግን አዲስ ገዝቼ ገጠምኩ። ለውጥ የለም። በነገራችን ላይ ቻርጅ የሚደረገው ድንጋይ 1.2 ቮልት ነው፣ ተራው 1.5። ስትመረምሩ ተራውን ተጠቀሙ።

ቀጥሎ ያደረግኩት ነው ጉድ ያፈላው። ሞተሩ ጀርባ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች፤ ውስጧ ፍጥነት የምትቀይር ትንሽዬ ብሎን። የምወዳትን አንዲት የትዝታ ካሴት ከፍቼ፣ ስልኬ ላይ ካለው ያው ዘፈን ጋር እስኪገጥም ድረስ በቀጭን ካቻቢቴ ጠመዘዝኳት። ገጠመ! ደስ ብሎኝ ሌላ ካሴት ሳስገባ ጎልማሳው ዘፋኝ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ቁጭ አለ። መንቀጥቀጡም እንዳለ ነው።

ለካ የምወዳት ካሴት ከቴፕ ወደ ቴፕ የተቀዳች ናት። የቀዳት ቴፕ ይፈጥን ከነበረ፣ ደህና ቴፕ ላይ ስትከፈት መጎተቷ አይቀርም። እኔ ደግሞ ዎክማኑን በእሷ ልክ አስተካክዬው አረፍኩ።

ስለዚህ ጆሮዬን ትቼ ሜትር ያዝኩ። የካሴት ክር በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ነው መሄድ ያለበት። እንግዲህ 4 ሜትር ከ76 በ100 ሴኮንድ ያልፋል ማለት ነው። ከማልፈልገው የዘፈን ካሴት ክሩን ጎትቼ አወጣሁ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁ፣ መነሻና መድረሻው ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ስኮች ለጠፍኩ። ከዚያ በእርሳስ እያዞርኩ መለስኩት። ስኮቹ ክሩ ላይ ያለውን ድምፅ የሚያነበው ብረት (ሄድ የሚሉት) ጋ ሲደርስ ድምፁ ለቅጽበት ጥፍት ይላል። በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። 94። ደገምኩት፣ 97። አሁንም ደገምኩት፣ 93። መፍጠኑ የብሎኗ ነው፣ ገባኝ። በየጊዜው መለያየቱ ግን የብሎን በሽታ አይደለም። የሚንሸራተት ነገር አለ።

ስፈታው ሞተሩ የሚያዞረው ቺንጋ እንደታኘከ ማስቲካ ሆኗል። ክሩን ከቀጭኗ የብረት ዘንግ ጋር አጣብቃ የምትስበው ጥቁር ጎማም በቆሻሻ ብዛት ታብረቀርቃለች። ጎማዋን በአልኮልና በጥጥ ወለወልኳት፤ ጥጡ ቡናማ መሆኑን እስኪተው ድረስ። በቺንጋው ቦታ የብር ማሰሪያ ላስቲክ ሞከርኩ። ዘፈኑ ባሰበት። ላስቲኩ አንዱ ጋ ወፍራም፣ ሌላው ጋ ቀጭን ነዋ!

መርካቶ ቴፕ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ጋ ይዤው ሄድኩ። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ብሎኑን ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«እሱ የመጨረሻ ነው የኔ ልጅ። መጀመሪያ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ካሴቱ ራሱ፣ ከዚያ ጎማና ቺንጋ።»

ጣሳ ሙሉ ቺንጋ ገለበጡ። አሮጌው ተለጥጧልና በእሱ ልክ አልመረጡም፤ ጠበብ ያለውን አነሱ።

ቤት ገብቼ ለካሁ። 91። ሦስቴም 91። ቺንጋው መንሸራተቱን ሲተው የእኔ የብሎን ጥፋት ሙሉውን ወጣ። ቢሆንም ቁጥሩ መዋዠቁን ትቷል፣ ያ ነው ደስ ያለኝ። ብሎኗን በፀጉር ያህል እየመለስኩ፣ እየለካሁ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ 100 ገባልኝ። 99 ላይ ብተወውም ችግር አልነበረውም። በሙዚቃ ቅኝት ግማሽ ድምፅ የሚባለው 6 በመቶ ገደማ ልዩነት ነው፤ 1 በመቶውን የእኔ ጆሮ አይለየውም።

ያቺ የተቀዳች ካሴት አሁንም ትጎተታለች። ለእሷ ብዬ ብሎኗን አልነካም። እሷ ስትከፈት ክራሬን ዝቅ አድርጌ እቃኛለሁ።