ዓይን ያወቀው፣ ጆሮ ያላወቀው ቃል

ፈተናውን ያወጣሁት ለማስተርስ ጥናቴ ነው። ቦታው ቻንግሻ ነበር፣ የቻይናዋ ሁናን ግዛት ዋና ከተማ። ተፈታኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። እነሱ «ጋኦ ኧር» ይሉታል፤ በእኛ 11ኛ ክፍል መሆኑ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ፈቀደልኝ። በእያንዳንዱ ክፍል ሃምሳ ገደማ ልጅ አለ። ማወቅ የፈለግኩት ነገር አጭር ነበር፦ እነዚህ ልጆች እንግሊዝኛ ሲሰሙ ምን ያህል ይረዳሉ? ሲያነቡስ?

የሁለት ሳምንት ሥራ መስሎኝ ነበር። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ወሰደብኝ። ጊዜውን የበላው ማረሙ አይደለም። ያወጣሁት ፈተና ምን እየለካ እንደሆነ መረዳቱ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጋኦካኦ ልናገር። ጋኦካኦ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናቸው ነው። በየዓመቱ ጁን 7 ይጀምራል፣ በእኛ ግንቦት 30። እንግሊዝኛ የሚሰጠው በማግስቱ ሰኔ 1 ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በ2024 ብቻ 13.42 ሚሊዮን ሰው ተመዝግቦለታል። እንግሊዝኛ ከ150 ይታረማል። ከዚያ ውስጥ ማዳመጥ 30፣ ማንበብ 50 ይይዛል። ማዳመጡ 20 ጥያቄ ነው፤ እያንዳንዱ ሦስት አማራጭ አለው። የመጀመሪያዎቹ አምስት አጫጭር ንግግሮች አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማሉ፣ የቀሩት ሁለት ጊዜ። ከመጀመሩ በፊት የምሳሌ ጥያቄ አለ፦ የሸሚዙ ዋጋ ስንት ነው? መልሱ ዘጠኝ ፓውንድ ከአሥራ አምስት ፔንስ። ይህን ሸሚዝ የማያውቅ ቻይናዊ ተማሪ አላጋጠመኝም። ሲጨዋወቱ ሁሉ ያነሱታል።

እኔም የመጀመሪያ ፈተናዬን በዚሁ መልክ አዘጋጀሁ። 20 የማዳመጥ፣ 20 የማንበብ ጥያቄ። ልጆቹ የለመዱት ስለሆነ ግራ አይገባቸውም ብዬ ነው። ውጤቱ ቆንጆ መጣ። ፈተና ወጥ መሆኑን የሚያሳይ ክሮንባክ አልፋ የሚባል ቁጥር አለ፤ ወደ 1 ሲጠጋ ጥሩ ነው። የእኔም ጥሩ ነበር። ደስ ብሎኝ ወረቀቴን ይዤ ወደ ክፍሉ የእንግሊዝኛ መምህርት ሄድኩ። ሃያ ዓመት በላይ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ውጤቱን ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩና፣ «ይህ የሚነግርህ ስንት የጋኦካኦ ወረቀት እንደሠሩ ነው» አሉኝ።

መጀመሪያ ከፋኝ። ማታ ላይ ሳስበው ግን ማረጋገጥ የምችለው ነገር መሆኑ ታየኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላ ክፍል የንባብ ጥያቄዎቹን ብቻ ሰጠሁ። ምንባቡን አወጣሁት። ጥያቄውና አራቱ አማራጮች ብቻ ናቸው ያሉት። «ሳታነቡ መልሱ» አልኳቸው። ሳቁ፣ ከዚያ ሠሩት። በጭፍን ቢገምቱ ከአራት አንዱን ነው ማግኘት የነበረባቸው። ከዚያ በጣም በላይ አገኙ። አንዱን ልጅ እንዴት እንደሠራ ጠየቅኩት። «ሁልጊዜ የሚል ቃል ያለበት አማራጭ ብዙ ጊዜ ስህተት ነው፤ ረጅሙና ጠንቃቃው ብዙ ጊዜ ልክ ነው» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ የአንዱ ጥያቄ መልስ ሌላው ጥያቄ ውስጥ እንዳለ አሳየችኝ። እውነቷን ነው፣ አለ። እኔ ሳወጣው አላየሁትም።

ፈተና ለሚያወጣ ሰው ሁሉ ይህን እንዲሞክረው እለምናለሁ። ምንባቡን ደብቀህ ጥያቄውን ስጥ። ያለ ምንባቡ የሚመለስ ጥያቄ የማንበብ ጥያቄ አይደለም። ከ20 ጥያቄዬ ስምንቱን በዚህ ምክንያት ጣልኩ።

ማዳመጡ ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው። ድምፁ የሚመጣው ከሰሌዳው በላይ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለች አንዲት ስፒከር ነው። ወቅቱ ሞቃት ነበር፤ ቻንግሻ ሲሞቅ ወበቁ ያንቃል። ማራገቢያዎቹ ይሽከረከራሉ፣ መስኮቱ ክፍት ነው። ኋላ ሄጄ ስቀመጥ የቃል መጨረሻ አይሰማም። ከኋላ ሁለት ረድፍ የነበሩት ልጆች ያነሰ ውጤት ያመጡት እንግሊዝኛ ስለማያውቁ ነው ወይስ ስላልሰሙ? መለየት አልቻልኩም። ስለዚህ የዚያን ቀን የማዳመጥ ውጤት እንዳለ ትቼ፣ ሌላ ቀን ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ማራገቢያው ጠፍቶ፣ በቡድን በቡድን ደገምኩት። አድካሚ ነው። ግን ከዚህ የቀለለ መንገድ አላገኘሁም።

ሌላው ነገር አማራጮቹ ናቸው። የማዳመጥ ፈተና እያልኩ ሦስት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አስነብባቸዋለሁ። ቶሎ የሚያነብ ልጅ ድምፁ ሳይጀምር አማራጮቹን ጨርሶ ምን እንደሚመጣ ይገምታል። ቀስ ብሎ የሚያነብ ደግሞ ገና ሁለተኛው አማራጭ ላይ ሳለ ንግግሩ ያልቃል። ታዲያ ይህ ማዳመጥ ነው ማንበብ? መምህርቷን አማከርኩና አማራጭን ጨርሶ ተውነው። ልጆቹ የሰሙትን በራሳቸው ቋንቋ፣ በቻይንኛ፣ ባጭሩ ይጻፉ አልን። የእኔ ቻይንኛ የተማሪ የእጅ ጽሑፍ ለማረም አይበቃም። እሳቸውና አንድ የክፍል ጓደኛዬ ለየብቻ አረሙ፣ ከዚያ አስተያየን። ባልተስማሙበት ላይ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ከሁሉ ብዙ የተማርኩት እዚያ ክርክር ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሙከራ ልምጣ። ሁለቱ ክፍሎች ባለፈው ሴሚስተር ውጤታቸው ተቀራራቢ ነበር። ሁለት አጫጭር ጽሑፎች መረጥኩ። አንደኛውን ጽሑፍ የመጀመሪያው ክፍል ይሰማዋል፣ ሁለተኛው ክፍል ያነበዋል። በሁለተኛው ጽሑፍ ላይ ተራ ይቀያየራሉ። ቃሉም ጥያቄውም አንድ ነው። ግን አንባቢ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ይችላል፣ ሰሚ አይችልም። ያንን ለማስተካከል ጽሑፉን በፕሮጀክተር አሳየሁና የድምፅ ቅጂው በሚፈጀው ጊዜ ልክ አነሳሁት። ሁለት ጊዜ የሚሰማውን ሁለት ጊዜ አሳየሁ።

ልዩነቱ ሳይታረም በፊት ይታይ ነበር። ያነበቡት ገጹን ሞሉት። የሰሙት ሁለት ሦስት መስመር ጻፉ፤ አንዳንዶቹ ባዶ ሰጡኝ። ከዚያ ለሰሙት ልጆች በጽሑፉ ውስጥ ያሉትን ቃላት ዘርዝሬ ሰጠሁና የሚያውቁትን ምልክት እንዲያደርጉ ጠየቅኩ። ሁሉንም ማለት ይቻላል ያውቋቸዋል! አንዲት ልጅ ዝርዝሩን አይታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እነዚህ ናቸው የተነገሩት?» አለችኝ።

ይህን ጊዜ የራሴ የፕላዝማ ዘመን ትዝ አለኝ። ሁለተኛ ደረጃ ስንማር በሳተላይት የሚመጣውን ትምህርት ቴሌቪዥን ላይ እናይ ነበር። መጽሐፉን ሳነብ የሚገባኝ ነገር በፕላዝማ ሲነገር ጭልጥ ብሎ ያልፈኛል። ሰነፍ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር። የምንፈተነው በወረቀት ብቻ ስለነበር ችግሩ ጆሮዬ ላይ እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም።

ለልጅቷ በአማርኛ ምሳሌ አስረዳኋት። እኛ «ምን አልክ» ብለን እንጽፋለን፣ ስንናገር ግን «ምናልክ» ነው። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው «ምናልክ» የሚል ቃል መዝገበ ቃላት ላይ ቢፈልግ አያገኝም። ቅጂው ላይ «ፒክ ኢት አፕ» የሚል ነበረበት፤ እሷ የሰማችው «ፒኪታፕ» ነው። የማታውቀው አዲስ ቃል መስሏት እሱን ስትፈልግ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር አለፋት። የቻይንኛ ክፍለ ቃል ደግሞ የሚያልቀው በአናባቢ ወይም እንደ ን ባሉ ጥቂት ድምፆች ነው። እንግሊዝኛ ግን ቃል መጨረሻ ላይ ተነባቢ ይደራርባል። ያለፈ ጊዜን የምታሳየው የመጨረሻዋ «ት» ወይም «ድ» ለብዙዎቹ ልጆች ጭራሽ የለችም።

ከዚያ በኋላ ከአሥራ ሁለት ልጆች ጋር አንድ በአንድ ተቀመጥኩ። ቅጂውን እያቆምኩ፣ «አሁን ምን ሰማህ?» እያልኩ። ከቁጥሩ ያላየሁትን ያየሁት በዚህ ነው።

አንዱ የቁጥር ነገር ነው። ቻይንኛ ትልቅ ቁጥርን የሚከፍለው በአሥር ሺህ ነው፤ ለአሥር ሺህ የራሱ ስም አለው። 150 ሺህ ለእነሱ አሥራ አምስት ጊዜ አሥር ሺህ ነው። እኛም እልፍ የሚል ቃል አለን፣ በግዕዝ ፼ ብለን የምንጽፈው፤ ግን በእሱ ስለማንቆጥር የልጆቹን ድካም ለመረዳት ቆየሁ። ቁጥሩን በእንግሊዝኛ ሰምተው ወደ ቤታቸው ቋንቋ ሲመነዝሩ ወሬው ጥሏቸው ይሄዳል።

ሌላው የእንግሊዝኛው «ሂ» (እሱ) እና «ሺ» (እሷ) ነው። በቻይንኛ እሱና እሷ ሲጻፉ ይለያሉ፣ ሲነገሩ ግን ሁለቱም «ታ» ናቸው። «መጣ» እና «መጣች» እያለ ላደገ ሰው ይህ ይገርማል። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ወንድና ስለ አንዲት ሴት በሚያወሩበት ቅጂ ላይ ማን ምን እንዳደረገ የጠፋባቸው ልጆች ብዙ ነበሩ። የቃል እጥረት አልነበረባቸውም።

በዚህ ያፈርኩበት ጥያቄ አለ። መልሱ «ላይት» እና «ናይት» የሚሉትን ቃላት በመለየት ላይ የተመሠረተ ነበር። የቻንግሻ አካባቢ ንግግር ደግሞ የ«ል» እና የ«ን» ድምፆችን ብዙ ጊዜ አይለይም። ያ ጥያቄ የለካው ልጁ የት እንደተወለደ ነው። ሰረዝኩት። ከሰሜን የመጣ ተማሪ ቢኖር ያለ ድካም ነጥብ ያገኝበት ነበር።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ጎበዞቹ ናቸው ያሳዩኝ። ጥያቄ ሲመረመር ከላይ 27 በመቶ እና ከታች 27 በመቶ ያሉት ተማሪዎች ይነጻጸራሉ። ጎበዞቹ ደካሞቹን መብለጥ አለባቸው። አንድ የንባብ ጥያቄ ላይ ተገለበጠ፤ ጎበዞቹ ሳቱት። መጀመሪያ የመልስ ቁልፉን በስህተት የጻፍኩ መስሎኝ ነበር። ምንባቡን እንደገና ሳነበው እነሱ የመረጡትም መልስ ልክ ሆኖ አገኘሁት። በጥንቃቄ ያነበበ ሁሉ የሚመርጠው እሱን ነው። እዚያች ጥያቄ ላይ ነጥብ ያጡት በደንብ ስላነበቡ ነው። ውጤታቸውን አስተካክዬ በግል ነገርኳቸው፣ ይቅርታም ጠየቅኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ፈተና ሁለተኛ ሰው ቁጭ ብሎ ሳይሠራው አላወጣሁም።

ጥናቱ ሁለት ክፍል፣ አንድ ከተማ ነው። ስለ ቻይና ተማሪ ሁሉ እንድናገር አይፈቅድልኝም፤ አልናገርምም። መምህርቷ ግን ውጤቱን ከልብ ነው የወሰዱት። ቅጂዎቹን ፍላሽ ላይ ገለበጥኩላቸው። ከምሳ እንቅልፍ በኋላ፣ ልጆቹ ከዴስካቸው ቀና ሲሉ፣ አሥር ደቂቃ ያሰሟቸው ጀመር። አማራጭ የለም፣ ነጥብ የለም። የሰሙትን ይጽፋሉ፣ ከዚያ ጽሑፉን አውጥተው ምን እንዳመለጣቸው ያያሉ።

ከቻንግሻ ከመሄዴ በፊት መምህርቷን ልሰናበት ገባሁ። ልጆቹ ሦስተኛ ዓመት ሊገቡ ነው። ሦስተኛ ዓመት ማለት ከማለዳ ንባብ እስከ ማታ ጥናት ጋኦካኦ ብቻ ነው። «አሥር ደቂቃዋ ልትቆም ነው?» አልኳቸው። የከሰዓቱን ለመለማመጃ ወረቀት እንደወሰዱባቸው ነገሩኝ። አሥር ደቂቃዋን ወደ ማለዳው ንባብ አዛውረዋታል፤ ማክሰኞና ሐሙስ።