ከዱክ ጎዳና እስከ አንቲተም፦ ፖቶማክን ይዞ

አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ ዱክ ጎዳና ቁጥር 1315 ላይ ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤት አለ። ጉዞውን የጀመርነው ከዚህ ነው። የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት መንስኤ ሳያይ ጦር ሜዳ የሄደ ሰው የሚያየው መድፍና ሣር ብቻ ነው።

ቤቱ ከ1828 እስከ 1836 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የፍራንክሊንና አርምፊልድ የባሪያ ንግድ ቤት ነበር፤ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። አሜሪካ ከ1808 ጀምሮ ባሪያ ከውጭ ማስገባትን ስለከለከለች ንግዱ ወደ ውስጥ ዞረ። የቨርጂኒያ መሬት በትምባሆ ተሟጥጧል፣ ሚሲሲፒና ሉዊዚያና ደግሞ ለጥጥ እርሻ ጉልበት ይፈልጋሉ። ነጋዴዎቹ እዚህ ይገዛሉ፣ ግቢው ውስጥ ያጉራሉ፣ ከዚያ ገሚሱን በመርከብ ወደ ኒው ኦርሊንስ ይልካሉ፣ ገሚሱን በሰንሰለት አቆራኝተው በእግሩ ወደ ናቼዝ ይነዳሉ። በ1860 ቆጠራ በባርነት የተያዘው ሰው ወደ 3.95 ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

ሊንከን በዚያው ዓመት የተመረጠው ባርነትን ካለበት እነቅላለሁ ብሎ ሳይሆን ወደ አዲሶቹ የምዕራብ ግዛቶች እንዳይስፋፋ አደርጋለሁ ብሎ ነው። ለደቡብ ይህም በዛ። ሳውዝ ካሮላይና ታኅሣሥ ላይ ተገነጠለች፤ ሌሎች አሥር ተከተሏት። «ጠቡ የክፍለ ግዛት መብት ነው» የሚል ሰው ዛሬም በመንገድ ያጋጥማል። የሚሲሲፒ የመገንጠል መግለጫ ግን ገና በመግቢያው አቋማችን ከባርነት ተቋም ጋር ፈጽሞ አንድ ነው ይላል። ደግሞም በ1850 የኮበለሉ ባሪያዎችን የሰሜን ክፍለ ግዛቶች ሳይወዱ በግድ እንዲመልሱ የፌዴራሉን ክንድ የጠራው ማን ሆነና? ራሱ ደቡብ ነው።

ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሊስበርግ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ በሥራ ቀን ጠዋት ግን እጥፍ ሊሆን ይችላል። ቦልስ ብላፍ የሚባለው ገደል ከከተማው ጥግ፣ ከመኖሪያ ሰፈር ጀርባ ነው። ወደ ፖቶማክ ወንዝ የሚያወርደው የጫካ መንገድ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ጥቅምት 1861 ላይ የሰሜኑ ጦር ከሜሪላንድ ዳር በጥቂት ጀልባዎች መጀመሪያ ወንዙ መሃል ወዳለው ደሴት፣ ከደሴቱ ወደዚህ ተሻገረ። ስህተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሲያሻግሩ መመለሻውን አላሰቡም። 1,700 ያህሉ ወታደር ወደ ገደሉ ሲገፋ፣ ከኋላው ቀጥ ያለ ቁልቁለትና የሚሰጥሙ ጀልባዎች ብቻ ነበሩ። ከ700 በላይ ተማረከ ወይም ጠፋ፤ ውኃ የወሰደው ሬሳ እስከ ዋሽንግተን ወረደ።

ጥፋቱን የተሸከመው የሰሜኑ ጄኔራል ቻርልስ ስቶን ነው፤ ክስ ሳይቀርብበት 189 ቀን ታስሯል። ከጥርጣሬው መነሻዎች አንዱ ወንዙን ተሻግረው ወደ ሰፈሩ የመጡ ባሪያዎችን ለጌቶቻቸው ማስመለሱ ነበር። በዚያ ወቅት ጦርነቱ ለአንድነት እንጂ ለነፃነት አልነበረም፤ ግን የሸሸው ሰው ካምፑ በር ላይ ሲቆም መልስ መስጠት ግድ ሆነ። የስቶን ስም ለኛም ቅርብ ነው። ኋላ በግብፁ ኬዲቭ እስማኤል ጦር ውስጥ ዋና ኤታማዦር ሆነ። በ1876 ጉራ ላይ አፄ ዮሐንስ የመቱት የግብፅ ጦር ኤታማዦር ደግሞ ዊሊያም ሎሪንግ፣ የደቡቡ አንድ እጅ ጄኔራል ነበር። እዚህ በየፊናቸው የተዋጉት ካይሮ ላይ የአንድ ጌታ ደመወዝተኞች ሆኑ።

ሃርፐርስ ፌሪ ላይ መኪናውን ላይኛው የጎብኚዎች ማዕከል ትቶ በአውቶቡስ መውረድ ይሻላል፤ ታች ማቆሚያ የለም ማለት ይቻላል። ጆን ብራውን ጥቅምት 1859 ከ21 ተከታዮቹ ጋር የመንግሥትን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ያዘ፤ ሐሳቡ ባሪያዎችን ማስታጠቅ ነበር። ያቆመውን ባቡር መልሶ ስለለቀቀው ወሬው በቴሌግራፍ ቀደመው። የመጀመሪያው ሟች ሄይዋርድ ሼፐርድ፣ ጥቁርና ነፃ የሆነ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ መሆኑ የታሪኩ መራራ ክፍል ነው። መንደሩ ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት፣ በተራራ የተከበበ ጎድጓዳ ስፍራ ነው፤ ከፍታውን ያልያዘ አይጠብቀውም። መስከረም 1862 የደቡቡ ጄኔራል ጃክሰን መድፎቹን ተራሮቹ ላይ ሲያወጣ፣ ታች የነበረው 12,500 ያህል የሰሜን ወታደር እጁን ሰጠ።

ሜሪላንድ ያለው የአንቲተም ጦር ሜዳ ላይ ጊዜ ይኑራችሁ። የመኪናው ዙር 8.5 ማይል፣ 11 ማቆሚያ ነው፤ የውጊያውን ሰዓት ተከትሎ ስለተዘረጋ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ጠዋት የበቆሎው ማሳ፣ ረፋዱ ሰርጓዳው መንገድ፣ ከሰዓት በኋላ ድልድዩ። አፈሙዛቸው ወደ መሬት የተተከሉ ስድስት መድፎች ጄኔራሎች የወደቁባቸው ቦታዎች ምልክት ናቸው።

ወታደሩ ለምን ቆሞ እንደተዋጋ የሚገባው ጠመንጃውን ያወቀ ነው። የወረቀቱን ጥይት በጥርስ ይቀድዳል፤ የፊት ጥርስ የሌለው ለእግረኛነት አይመለመልም ነበር። ባሩዱን በአፈሙዙ ያፈሳል፣ እርሳሱን ከላይ ይከታል፣ በዘንግ ይጠቀጥቃል፣ ዘንጉን ይመልሳል፣ የመዳቡን ቆብ ያለብሳል፣ ይተኩሳል። የለመደ በደቂቃ ሦስቴ ይተኩሳል። ተኝቶ ማጉረስ ጭንቅ ነው። የተደናገጠ ዘንጉን እዚያው ረስቶ ይተኩሰዋል፣ ወይም ያልተተኮሰው ላይ ደግሞ ያጎርሳል። ለስላሳው እርሳስ አጥንት ሲመታ ስለሚያደቅቀው ሐኪሞቹ መቁረጥ አበዙ።

ሰርጓዳው መንገድ ምሽግ ይመስላል፤ ከጎን ከታየ ግን ሬሳ ማጎሪያ ነው። አንድ የደቡብ አዛዥ የሬጅመንቱን ቀኝ ክንፍ ብቻ እንዲያጥፍ ታዝዞ ሁሉንም ወደ ኋላ አዞረ፤ ትዕዛዙ ለብርጌዱ ሁሉ መስሎ መስመሩ ተከፈተ። በሦስት ሰዓት ከ5,000 በላይ ሰው የወደቀበትና የቆሰለበት ነው። ድልድዩ ጋ ደግሞ 500 ያህል የጆርጂያ ሰዎች ከገደል ላይ ሆነው አንድ ሙሉ የሰሜን ኮር ለሦስት ሰዓት አገዱ። ስፋቱ 12 ጫማ ነው፤ ስንት ሰው ጎን ለጎን እንደሚያልፍ ቆማችሁ ለኩት። ከተሻገሩም በኋላ ጥይት እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ባከነ፤ በዚያ መሃል የደቡቡ የኤ ፒ ሂል ክፍለ ጦር 17 ማይል ገስግሶ ከሃርፐርስ ፌሪ ደረሰ።

ቀኑ መስከረም 17 ቀን 1862 ነበር፤ በኛ መስከረም 8 ቀን 1855፣ ቴዎድሮስ በነገሡ በስምንተኛው ዓመት። ወደ 23,000 ሰው ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ጠፋ። የደቡቡ አዛዥ ሊ ወንዙን ተሻግሮ ተመለሰ፤ የሰሜኑ አዛዥ ማክሌላን አላሳደደውም። ሊንከን ግን ሲጠብቀው የነበረውን ድል አገኘ፤ በአምስተኛው ቀን የነፃነቱን ቅድመ አዋጅ አወጣ። አዋጁ የሚሠራው ዓምፀው በነበሩት ግዛቶች ብቻ ነው። ሜሪላንድ ከኅብረቱ ስላልወጣች፣ ውጊያው በተደረገበት በዚህ መንደር የነበሩት ባሪያዎች በአዋጁ ነፃ አልወጡም፤ እስከ ኅዳር 1864 ጠበቁ። የኛም አገር ባርነትን ፈጽሞ በአዋጅ የሻረችው በ1942 መሆኑን እያሰብን ነው ያነበብነው።

አዋጁ ጥቁሮችን ወደ ጦሩ አስገባ፤ 180,000 ያህል ዘመቱ። ነጩ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲከፈለው፣ ለነሱ 10 ዶላር ተወስኖ ከዚያም ላይ 3ቱ ለልብስ ይቀነስ ነበር፤ እስከ 1864 አጋማሽ።

ስንመለስ አሌክሳንድሪያ፣ ደቡብ ዋሽንግተን ጎዳና ላይ የነፃ ወጪዎቹ መቃብር ጋ ቆምን። 1,700 ያህል ሰው ተቀብሮበታል፤ በ1955 ነዳጅ ማደያ ተሠራበት፣ በ2014 መታሰቢያ ሆነ። ጥቁር ወታደሮችንም መጀመሪያ እዚሁ ነበር የሚቀብሯቸው። ታኅሣሥ 1864 ላይ ከዱክ ጎዳናው ባሪያ ቤት አጠገብ በነበረው የሉቨርቱር ሆስፒታል የተኙ 443 ወታደሮች ፈርመው አቤት አሉ፦ እንደ ወታደር ሞተን እንደ ወታደር እንቀበር። በወሩ አስከሬኖቹ ተነሥተው ወደ ወታደራዊው መቃብር ተዛወሩ።