የዲሴምበር ፀሐይ ከአዲስ አበባ እስከ ስቶክሆልም፦ ጎመን፣ ሽንኩርትና ጌሾ ለሚያለሙ

በተለያየ አገር ጓሮ የሚያለሙ ወዳጆች ሲደዋወሉ ቀድሞ የሚነሳው ብርድ ነው፤ «እናንተ ጋ ስንት ገባ?» ይባባላሉ። ጎመን፣ ሽንኩርት ወይም በሶብላ ለሚዘራ ሰው ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ፀሐይ ስንት ሰዓት ትቆያለች፣ ምን ያህልስ ከፍ ትላለች የሚለው ነው። ብርድ በጨርቅ፣ በላስቲክ፣ በገለባ ይመከታል። የጎደለ ብርሃን ከመብራት በቀር ምትክ የለውም፤ መብራት ደግሞ ለቤት ውስጥ እንጂ ለጓሮ አይሆንም። ስለዚህ መቼ እንደሚዘራ የሚወስነው ብርሃኑ ነው።

ዲሴምበር 21ን፣ ማለትም ታኅሣሥ 12ን እንያዝ። አዲስ አበባ የዚያን ቀን 11 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ገደማ ብርሃን ታገኛለች። ዱባይ 10 ሰዓት ተኩል፣ ቴል አቪቭ ከ10 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ የዘለለ፣ ዋሽንግተን ዲሲ 9 ሰዓት ከ26፣ ቶሮንቶ 9 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የጎደለው፣ ለንደን 7 ሰዓት ከ50፣ ስቶክሆልም ደግሞ 6 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ብቻ። በእኛ ሰዓት ብንቆጥረው ስቶክሆልም ላይ ፀሐይ ጠዋት 2 ሰዓት ከ44 ገደማ ወጥታ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ48 ላይ ትጠልቃለች። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ያህል ነው። ስቶክሆልም ላይ ልዩነቱ ከ12 ሰዓት ይበልጣል። አገር ቤት በለመድነው ልማድ «ዝናብና ውሃ ካለ ይበቅላል» ብሎ መዝራት እዚያ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ከሰዓቱ ባልተናነሰ የፀሐይዋ ከፍታ ወሳኝ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም ይህንን ነው። በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ አዲስ አበባ 57 ዲግሪ፣ ዲሲ 28፣ ለንደን 15፣ ስቶክሆልም 7 ዲግሪ ገደማ ትቆማለች። ሁለት ሜትር ቁመት ያለው አጥር በዚያ ሰዓት የሚጥለውን ጥላ ብታሰሉት፣ አዲስ አበባ ላይ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ አካባቢ፣ ዲሲ ላይ 3 ሜትር ከ80፣ ለንደን ላይ 7 ሜትር ተኩል፣ ስቶክሆልም ላይ ከ15 ሜትር በላይ ይሆናል። ጁን ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያየ መደብ ዲሴምበር ላይ ጨርሶ ላያይ ይችላል። መደብ ከመቆፈራችሁ በፊት በኅዳርና በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ወጥታችሁ ጥላው የደረሰበትን በችካል ምልክት አድርጉ። ለብርድ ወቅት የሚሆነው ቦታ ከቤቱ በስተ ደቡብ ያለው ነው፤ ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይመልሳልና።

የብርድ ወቅት አትክልተኞች የሚይዙት አንድ መለኪያ አለ፦ የቀን ብርሃን ከ10 ሰዓት ሲያንስ የቅጠላ ቅጠል እድገት ሊቆም ይቃረባል። ተክሉ አይሞትም፣ ቆሞ ይጠብቃል። ይህ ጊዜ በዲሲ አካባቢ ከኖቬምበር 17 ገደማ እስከ ጃንዋሪ 24 ነው። ለንደን ላይ ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ፣ ስቶክሆልም ላይ ከኦክቶበር 20 አካባቢ እስከ ፌብሩዋሪ 20 ይዘልቃል። ቴል አቪቭና ዱባይ ከ10 ሰዓት በታች አይወርዱም። እናም በጨለማው ወራት የምትቆርጡት ጎመን ጨለማው ሳይገባ አድጎ የጨረሰ መሆን አለበት። መሬቱ ጓዳ ሆኖ ያቆይላችኋል እንጂ አዲስ አያበቅልላችሁም።

ይህንን ወደ ቀን እንመልሰው። በዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያለ ሰው ጎመኑን በጁላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በችግኝ ትሪ ይዝራ፤ አምስት ስድስት ሳምንት ሲሆነው፣ ማለትም በኦገስት ሦስተኛ ሳምንት፣ ወደ መደብ ያዛውር። በችግኞቹ መካከል 45 ሳንቲ ሜትር፣ በመስመሮቹ መካከል ከ60 እስከ 75 ይተው። ከመደብ እስከ ኖቬምበር 17 ያሉት ሰማንያ አምስት ቀናት ገደማ ለሙሉ ቁመት ይበቃሉ። መስከረም ውስጥ የዘራ ሰው እጅ የሚያህል ተክል ይዞ የብርዱን ወቅት ያሳልፋል። ኦገስት ላይ የጎመን ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥልበት ጊዜ ስለሆነ በተተከለበት ቀን ስስ መረብ አልብሱትና ጠርዙን በአፈር ቅበሩት። ፍግና ማዳበሪያ መስጠት በኦክቶበር አጋማሽ ይቁም፤ ዘግይቶ የወጣ ለስላሳ ቅጠል ውርጭ ቶሎ ያቃጥለዋል።

በዲሲ ዳርቻ የመጀመሪያው ውርጭ በኦክቶበር ሁለተኛ አጋማሽ ይመጣል፣ መሃል ከተማ ደግሞ በኖቬምበር። ቀላል ውርጭ ጎመንን አይጎዳም፤ ቅጠሉ ውስጥ ስኳር ስለሚበዛ እንዲያውም ይጣፍጣል። ከዜሮ በታች 6 እና 7 ሲገባ ግን በቀስት ሽቦ ላይ የውርጭ ጨርቅ ዘርጉ። በካሬ ሜትር 30 ግራም የሚመዝነው ጨርቅ ሁለት ሦስት ዲግሪ ያተርፋል፤ በምላሹ ከብርሃኑ ሩብ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ለብርዱ ሌሊቶች እንጂ ለሳምንታት አትተዉት። ጨርቁ ቅጠሉን ከነካ በነካበት ቦታ ቅዝቃዜ ያስተላልፋል፣ ሽቦው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ጠዋት ቅጠሉ ደርቆ እንደ መስታወት ሆኖ ብታገኙት እጃችሁን አታስጠጉ። በረዶ ይዞ ሳለ የታጠፈ ቅጠል ሲቀልጥ ይጠቁራል፤ እስከ እኩለ ቀን ከተተወ ግን ቀና ብሎ ይመለሳል፣ ያኔ ይቀጠፋል።

የአሜሪካው ጎመን ቅዝቃዜ ከጠገበ በኋላ በማርች መጨረሻ ግንድ አውጥቶ ያብባል፤ እንቡጡን ከነግንዱ ቆርጣችሁ ብሉት፣ ያምራል። ከአገር ቤት የመጣው የሐበሻ ጎመን ዘር ጠባዩ ሌላ ነው። የሚያስቸኩለው የቀን መርዘም ስለሆነ በሜይ ከተዘራ ሁለት ዙር እንኳ ሳይቀጠፍ ያብባል። ዲሲም ሆነ ስቶክሆልም ላይ ከጁላይ መጨረሻ ጀምሮ፣ ቀኑ ማጠር ሲጀምር ዝሩት። ድንብላልም እንደዚሁ ነው።

ስለ ዞን ቁጥር፣ ማለትም አካባቢዎች በብርዳቸው ልክ ስለሚመደቡበት ቁጥር፣ አንድ ነገር እንበል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በ2023 ያደሰው ካርታ ሲያትልንም ሂዩስተንንም 9 ውስጥ ያስገባል። ቁጥሩ የሚናገረው የዓመቱ ቀዝቃዛ ሌሊት በአማካይ እስከ ስንት እንደሚወርድ ብቻ ነው። ታኅሣሥ ላይ ሂዩስተን ከ10 ሰዓት በላይ ብርሃን ሲኖራት ሲያትል 8 ሰዓት ከ25 ደቂቃ አላት፣ እሱም አብዛኛው ከደመና በታች። ሂዩስተን ያለ ወዳጃችሁ ገናም ጎመን እየቀጠፈ «ዞናችን አንድ ነው» ቢላችሁ በዚያ አትመሩ። በስዊድን ካርታ ደግሞ ቁጥሩ የሚሄደው በተቃራኒ ነው፤ 1 ለስላሳው፣ 8 ጨካኙ። የስዊድን 7 እና የአሜሪካ 7 ምንም አይገናኙም።

ዘር መላላክ የሚያሳዝነው ሽንኩርት ላይ ነው። ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው የቀኑ ርዝመት ልክ ሲደርስለት ነው። አገር ቤት የሚዘራው ቦምቤ ሬድ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ቀን ይበቃዋል። ይህን ዘር ስቶክሆልም ወይም ሚኒያፖሊስ በኤፕሪል ብትዘሩት ቀኑ ቀድሞ ስለረዘመ ሦስትና አራት ቅጠል ሳለ ይቋጥራል። እያንዳንዱ ቅጠል የአንድ ሽፋን መነሻ ስለሆነ የምታገኙት ከለውዝ ብዙም ያልበለጠ ራስ ነው። በግልባጩ ከ14 ሰዓት በላይ ቀን የሚፈልገው የአውሮፓ ዘር አዲስ አበባ ላይ ዓመት ቢቆይ ቅጠል ብቻ ነው፤ የአዲስ አበባ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ገደማ ነውና። ለሰሜኑ አገር ረጅም ቀን የሚለውን፣ ለዲሲና ለአካባቢው መካከለኛ ቀን የሚለውን፣ ለባሕረ ሰላጤውና ለእስራኤል አጭር ቀን የሚለውን ግዙ። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቅዝቃዜ ካልቀመሰ አይከፋፈልም፣ አንድ ድፍን ራስ ሆኖ ይቀራል። ዲሲ ላይ ከኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ በ5 ሳንቲ ጥልቀት፣ በ15 ሳንቲ ርቀት ተክላችሁ ገለባ አልብሱት። ዱባይ ያላችሁ ከመትከላችሁ በፊት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት።

ባሕረ ሰላጤው ላይ የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ይኸው የብርድ ወቅት ነው። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጎመን በመስከረምና በጥቅምት ተዘርተው እስከ ሚያዝያ ይለቀማሉ። የሚገድላቸው የበጋው ሐሩር ነው። ሜልበርን ላላችሁ ወገኖች ሁሉ ነገር በስድስት ወር ይገለበጣል። አጭሩ ቀን ጁን ላይ ሲሆን 9 ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ፀሐይ የምትመታው ግድግዳም የሰሜኑ ነው። ከዲሲ የተላከላችሁን የመዝሪያ ሰንጠረዥ ስድስት ወር ጨምራችሁ፣ ደቡብ ያለውን ሰሜን ብላችሁ አንብቡት።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ። ጤና አዳም፣ ኮሰረትና ጌሾ በየማሰሮው ሲገቡ የሚሞቱት ከብርድ ይልቅ በውሃ ነው። ብርሃን ሲያንስ ተክሉ የሚጠጣው ያንሳል፤ እንደ በጋው በየሁለት ቀኑ ካጠጣችሁት አፈሩ ረግቶ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ትናንሽ ዝንቦችም ይፈላሉ። ጣታችሁን ሁለት አንጓ አስገብታችሁ ደረቅ ሲሆን ብቻ አጠጡ። ጌሾ ቀላል ውርጭ ይችላል፤ ማሰሮው ከነአፈሩ የሚረጋበት ብርድ ግን ሥሩን ይጨርሰዋል። ከ5 እስከ 12 ዲግሪ ባለው ብርሃናማ ኮሪደር ወይም ጋራዥ አስቀምጡት። ሞቃት ሳሎን ውስጥ ብርሃን ፍለጋ ቀጭንና ረጅም ቅርንጫፍ ያወጣል። ቅጠል ቢያራግፍ አትደንግጡ፤ በማርች ሲሦውን ግረዙት።

በሶብላ ከ10 ዲግሪ በታች ይጠቁራል፣ በመስኮት ብርሃን ብቻም አያድግም። 60 ሳንቲ በ1 ሜትር ከ20 ለሆነ መደርደሪያ በድምሩ 80 ዋት የሚሆኑ ሁለት ረጃጅም የኤልኢዲ መብራቶች ከቅጠሉ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። በካሬ ሜትር በሰከንድ 200 ማይክሮሞል (ተክል የሚጠቀምበት ብርሃን መለኪያ ነው) ያህል ከደረሰውና 14 ሰዓት ከበራ የቀኑ ድምር 10 ሞል ይሆናል፤ ለቅጠል ይበቃል። ፍጆታው በቀን ከ1 ኪሎ ዋት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ሰዓት ቆጣሪ ሶኬት ግዙ፣ ሌሊት ጨለማ ያስፈልገዋል።

የበርበሬን ዘር በዚሁ መብራት ሥር ዲሲ ላይ በፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ ስቶክሆልም ላይ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ዝሩ። አፈሩ ከ25 እስከ 29 ዲግሪ ከሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይበቅላል፤ ከ18 በታች ከሆነ ይበሰብሳል፣ ስለዚህ የሚያሞቅ ምንጣፍ ከሥሩ ይነጠፍ። በማርች ብርሃኑ ስቶክሆልም ላይ በየቀኑ ከ5 ደቂቃ በላይ ይጨምራል፣ ዲሲ ላይ ሁለት ደቂቃ ተኩል፣ አዲስ አበባ ላይ ግማሽ ደቂቃ ገደማ። ሰሜን ያላችሁ አንድ ሳምንት ብትዘገዩ ከግማሽ ሰዓት በላይ የቀን ብርሃን አለፈ ማለት ነው። ችግኙ ወደ ውጭ ሲወጣ የመጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ጥላ ውስጥ፣ ከዚያ በየቀኑ አንድ ሰዓት እየጨመራችሁ በአሥር ቀን አለማምዱት፤ የሌሊቱ ሙቀት ከ12 ዲግሪ በታች የሚወርድ ከሆነ ማታ ማታ ወደ ቤት ይግባ።