ቅናሽ ላይ የወጡ ዲጂታል የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መጻሕፍትን እንዴት እንደምንመዝን

የቅናሽ ማስታወቂያ ሲመጣ ዓይን የሚገባው «300 መጻሕፍት በ60 ዶላር» የሚለው ነው። ቁጥሩን ተዉትና ዝርዝሩን ክፈቱ፤ በእያንዳንዱ ርዕስ አጠገብም መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት ጻፉ። የማቴዎስ ሄንሪ ማብራሪያ፣ የስትሮንግ ኮንኮርዳንስ (እያንዳንዱ ቃል የትኞቹ ጥቅሶች ላይ እንዳለ የሚዘረዝር መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. 1890) እና የኢስተን መዝገበ ቃላት (1893) ካሉበት ሰርዟቸው። የቅጂ መብታቸው ስላለፈ ኢ-ሶርድን በመሳሰሉ ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ። ከቀሩት ውስጥ በእርግጥ የምትከፍቷቸውን ብቻ ቁጠሩና ዋጋውን ለእነሱ አካፍሉ። ስድስት ብቻ ከቀሩ አንዱ 10 ዶላር ወጣበት ማለት ነው፤ በነጠላ ቢገዙ ስንት እንደሚሆኑ ያኔ ይነጻጸራል።

ሎጎስ በተባለው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ፕሮግራም ላይ ይህን ሒሳብ የምትሠሩት በራሳችሁ አካውንት ገብታችሁ ይሁን። ከጥቅሉ ውስጥ የተወሰኑ መጻሕፍት ቀድሞ ያለው ሰው የሚከፍለው ዋጋ ይቀንሳል። በየወሩ በነፃ የሚሰጠውንም መጽሐፍ አሁን ባያስፈልግም ውሰዱት።

ነፃ ስለሆነ ብቻ ግን ሁሉም አይበቃም፤ በተለይ መዝገበ ቃላት ላይ ዓመቱ ትልቅ ነገር ነው። የቴየር የግሪክ መዝገበ ቃላት የተዘጋጀው ከግብፅ የወጡት ፓፒረሶች (በደንገል ወረቀት ላይ የተጻፉ ጥንታዊ የግሪክ ጽሑፎች) በሚገባ ከመጠናታቸው በፊት ነው። ስለዚህ «የመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ» ያላቸው በርካታ ቃላት ኋላ ላይ በገበያ ደረሰኝና በቤተሰብ ደብዳቤ ውስጥ ተገኝተዋል። የ1906ቱ የብራውን፣ ድራይቨርና ብሪግስ የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላትም ኋላ የተገኙትን የኡጋሪትን ጽሑፎች (ለዕብራይስጥ በሚቀርብ ቋንቋ የተጻፉ፣ 1929) እና የሙት ባሕር ጥቅልሎችን (ጥንታዊ የዕብራይስጥ ቅጂዎች፣ 1947) አላየም። ገንዘባችሁን ለአንድ ነገር ብቻ የምታወጡ ከሆነ ለአዲስ መዝገበ ቃላት አውጡት፤ የቆየ ማብራሪያ ግን ዛሬም ይጠቅማል።

ከመክፈል በፊት ናሙናውን በአንድ ቃል ፈትኑት። በመዝሙር 136 «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» እያለ 26 ጊዜ የሚመላለሰው ቃል በዕብራይስጥ ሔሴድ ነው፤ የስትሮንግ ኮንኮርዳንስ ለእያንዳንዱ የዕብራይስጥና የግሪክ ቃል ከሚሰጠው ቁጥር የእሱ 2617 ነው። ይኸው ቃል ሩት 1፥8 ላይ በ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ቸርነት» ሆኖ ተተርጉሟል። አማርኛውን ብቻ የሚያነብ ሰው ሁለቱ አንድ መሆናቸውን አያውቅም። ጥሩ መሣሪያ ቁጥሩን ስትነኩ ሁለቱንም ቦታ በአንድ ዝርዝር ያወጣል፤ መዝገበ ቃላቱም ቃሉ በቃል ኪዳን ውስጥ ያለ ታማኝነትን እንደሚይዝ ያስረዳል። «ምሕረት፣ ቸርነት» ብሎ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ በ1 ዶላርም ውድ ነው። ስቴፕ ባይብል የተባለው የጥናት ድረ ገጽ ይህን ፍለጋ በነፃ ስለሚሠራ መጀመሪያ እዚያ ሞክሩትና የሚሸጠው ምን እንደሚጨምር እዩ።

81 መጻሕፍትን ለሚቀበል አንባቢ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙዎቹ ጥቅሎች የተሠሩት በ66ቱ ላይ ስለሆነ ሄኖክና ኩፋሌ በፍለጋው ላይመጡ ይችላሉ። ይህን ለመሙላት ብላችሁ ውድ ጥቅል አትግዙ፤ ሁለቱን መጻሕፍት የተረጎመው የአር. ኤች. ቻርልስ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች የቅጂ መብታቸው አልፏል። የመዝሙር ቁጥሩንም አትርሱ፤ 136 በግዕዙ ዳዊት 135 ነው።

በወር የሚከፈልበት አገልግሎት ላይ «ክፍያው ሲቆም የትኞቹ መጻሕፍት ይቀራሉ?» የሚለውን ከውሉ አንብቡ፤ የገዛችሁትን መልሳችሁ ገንዘባችሁን የምትወስዱበትን የመጨረሻ ቀንም (የመመለሻ ቀኑን) መዝግቡ። ገዝታችሁ ከሆነ በዚያው ቀን መጽሐፉን ስልክ ላይ አውርዱና ዳታውን ዘግታችሁ ሩት 1፥8ን ፈልጉ። ጽሑፉ ተከፍቶ ፍለጋው እምቢ ካለ የወረደው መጽሐፉ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ኔትወርክ በሌለበት የጥናት ቡድን ላይ አይጠቅማችሁም። የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ መልሱት።