ዛሬ ሪሚዲያል ክፍል ውስጥ

ዛሬ ጠዋት ለሪሚዲያል ተማሪዎች (በ12ኛ ክፍል ፈተና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ሳይሞላላቸው ቀርቶ የማካካሻ ትምህርት ለሚወስዱ) ሒሳብ ሳስተምር አንዲት ልጅ ደብተሯን በክንዷ ሸፍና ትጽፋለች። ጠጋ ብዬ አየሁት። ክፍልፋይ መደመር እየተለማመደች ነው። «ቲቸር፣ እኛ ጋ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ የሒሳብ መምህር አልነበረም» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው መጥበቁን እደግፋለሁ፤ ኩረጃው አጥፍቶን ነበር። የዚች ልጅ ችግር ግን ከፈተናው በፊት የጀመረ ነው።

አሁን የዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝነት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሯል። ጥሩ ነው። ፕሬዚዳንት በችሎታው ይመረጥ። እኔ የምመኘው ግን እንዲህ ያለ ክፍል ገብቶ፣ ኋላ ወንበር ላይ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ አመራር ነው።

ነገ ከክፍለ ጊዜው በፊት እንገናኛለን ተባብለናል። ከክፍልፋይ እንጀምራለን።