ዘይቱ ከላይ ነበር የሚወርደው

ከደሴ ወልድያ የምነዳው ቅጥቅጥ አይሱዙ ሰሞኑን በቆመበት ሁሉ መሬቱን ያጠቁር ጀመር። በሁለት ቀን አንድ ሊትር ዘይት እየጨመርኩ፣ ሰው ጭኜ ዓይኔ ከዘይት መብራቱ አልነቀል ብሎ ነበር የምነዳው። አንድ መካኒክ ከሥር አጎንብሶ አየና «ከሞተሩ ኋላ ዘይት የሚይዘው ጎማ፣ ‹ሲሉ›፣ ሄዷል፤ ካምቢዮ ይውረድ» አለኝ። ይህ ቢያንስ ሁለት ቀን ሥራ ፈትቶ መቆም ነው። ልቤ አልተቀበለውም።

እሁድ ከረዳቴ ጋር ሞተሩን በናፍጣና በብሩሽ አጠብነው። ሲደርቅ የሕፃን ፓውደር ነሰነስንበትና ግማሽ ሰዓት አስነስተን ተውነው። ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ወጣ፤ ቀጭን፣ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ክዳን የኋላ ጥግ ተነስቶ እስከ ካምቢዮው የሚወርድ። «ጋሼ፣ ከላይ ነው!» አለ ልጁ።

የክዳኑ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ደርቆ ስናወጣው እንደ ብስኩት ተሰባበረ። እሱን ብቻ መቀየር ግን አይበቃም፤ የሞተሩ መተንፈሻ ጎማ በጥቀርሻ ተደፍኖ ነበር። ትንፋሹ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በደካማው በኩል ይገፋዋል። ጎማውን አጸዳን፤ ብሎኖቹንም ከመሃል ወደ ዳር በየተራ፣ ሳናስጨንቅ አሰርን።

ትናንት ማታ ወልድያ ደርሼ ከሥሩ ካርቶን አነጠፍኩ። ጠዋት ሳየው ደረቅ ነው።