ሰማያዊዋ ቀዳዳ

ኮምፒውተር እጠግናለሁ። «ጌሙ ካርዱን አላወቀውም» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። (ካርድ ስል የጌሙን ሥዕል ሠርቶ ወደ ስክሪኑ የሚልከውን ግራፊክስ ካርድ ነው።) ቀላል እንጀራ ነው። ብዙውን ጊዜ ሰውዬው ካርዱን ገጥሞ የስክሪኑን ገመድ በለመደው ቦታ፣ ዋናው ሰሌዳ (ማዘርቦርዱ) ላይ ሰክቶት ይገኛል። ገመዱን ነቅለህ ካርዱ ላይ ትሰካለህ፣ ትንሽ የምታስብ መስለህ ትቆያለህ፣ ሂሳብህን ትቀበላለህ። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ጌሙ ጠንካራውን የኢንቪዲያ ካርድ ትቶ ከደካማው ኢንቴል ጋር ተጣብቆ ነው። ሴቲንግ ገብቶ መቀየር ነው፣ በቃ።

ይሄኛው ደንበኛ በዝናብ ነው የመጣው። ሲፒዩውን በፌስታል ጠቅልሎ ተሸክሞታል። (ሲፒዩ ስል ሙሉ ሳጥኑን ነው። እኛ ሰፈር ሌላ ስም የለውም።) ካርዱ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው፣ ባለ 4 ጊጋ። እህቱ ከዱባይ በሰው ልካለት ነው። ጂቲኤ 5 የሚባለው የመኪና ጌም ይከፈታል። ከተማው ውስጥ ትንሽ እንደነዳ ይዘጋበታል። ከዚያ ዲ ስሪ ዲ (ጌሙ በካርዱ ሥዕል የሚሠራበት ሶፍትዌር) አልተነሳም፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተህ አብራ የሚል መልእክት ይመጣል።

ከእኔ በፊት ሌላ ቤት ወስዶት ነበር። እዚያ «የሶፍትዌር ችግር ነው» ብለው ሁለት ጊዜ ፎርማት አድርገውለታል። ሁለት ጊዜም አስከፍለውታል። ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ስሙን አልጠራም። እዚያ የገባ ነገር ሁሉ፣ ፕሪንተርም ቢሆን፣ ፎርማት ተደርጎ ነው የሚወጣው።

ረዳቴን ገመዱን እንዲያይ አዘዝኩት። ያኔ ከእኔ ጋር መሥራት ከጀመረ ገና ሁለት ወሩ ነው። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ሲናገር የስልክ ካርድ የሚቆጥርበት ይመስለዋል። ከጠረጴዛው ጀርባ ጎንበስ ብሎ አየና፦

«ካርዱ ላይ ነው የተሰካው፣ ጋሼ» አለ።

«ጥሩ።»

«ግን ጋሼ… 1050 ቲአይ ቪጂኤ አለው እንዴ?»

ሰማያዊዋን ቀዳዳ ማለቱ ነው። የድሮ ስክሪን የሚሰካባትን። ልጁ የጠየቀኝ ደንበኛው ፊት ነው። እኔ ደግሞ ደንበኛ ፊት «እንጃ» ማለት አይሆንልኝም።

«እያየኸው አይደል እንዴ?» አልኩት። «ካለው አለው ማለት ነው።»

ደንበኛው ሳቀ። ልጁም ፈገግ አለና ብሎኖቹን መፍታት ጀመረ።

ይህን መልሴን ከዚያ ወዲህ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ፣ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ስንት ጊዜ እንዳመነዠግኩት እኔ ነኝ የማውቀው። እያየኸው አይደል እንዴ! እሱማ እያየው ነበር።

ቀጥለው የመጡት ሦስት ቀናት የኩራት ቀናት ናቸው። መጀመሪያ የጌሙን የሴቲንግ ፋይል ከዶክመንት ውስጥ አጠፋሁት፣ ራሱ አዲስ እንዲጽፍ። አንዳንዴ ፋይሉ በቀድሞው ካርድ ልክ የተጻፈ ስለሚሆን ይሠራል። አልሠራም። ዳይሬክት ኤክስን (ያ ዲ ስሪ ዲ ያለበትን) እንደገና ጫንኩ። አልሠራም። ድራይቨሩን (ዊንዶውስን ከካርዱ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ከሥሩ አጸዳሁና፣ ከካርዱ ጋር የመጣውን ሲዲ ትቼ፣ አዲሱን ከኢንቪዲያ አወረድኩ። መጫን ገና ሲጀምር ቆመ። ከዚህ ድራይቨር ጋር የሚስማማ ካርድ አላገኘሁም አለ።

እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ይበለኝ? ካርዱን ሠራ የተባለው ኩባንያ ራሱ አላውቀውም ብሏል። እኔ ግን ድራይቨሩ ነው የተሳሳተው ብዬ ወሰንኩ። ድራይቨሩ የሚቀበላቸው ካርዶች የተዘረዘሩበትን ኢንፍ ፋይል በኖትፓድ ከፍቼ የካርዱን መለያ ቁጥር በእጄ ጻፍኩበት። የዊንዶውስን የፊርማ ቁጥጥር ዘጋሁ። በግድ ጫንኩት። ያልተጠራን ሰው በጓሮ በር ሰርግ ቤት እንደማስገባት ነው። ሲነሳ ዲቫይስ ማናጀር ላይ ቢጫ ምልክት፣ ኮድ 43፤ ዊንዶውስ ካርዱን ችግር አለበት ብሎ አቁሞታል ማለት ነው።

በሲዲው ድራይቨር ስመልሰው ደግሞ «1050 ቲአይ» ብሎ ጥርት አድርጎ ይጽፋል። ፍላሼ ላይ ባለው ጂፒዩ-ዚም (የካርዱን ማንነት በሚያሳየው ፕሮግራም) አየሁት። ስሙ ያው፣ 4 ጊጋውም ያው። ያ ፍላሽ ከ2016 ወዲህ አልታደሰም። የሚያስፈልገኝ ሁሉ እዚህ ላይ አለ እያልኩ እኮራበት ነበር።

ካርዱ ተጨማሪ የኃይል ገመድ መፈለጉም ትንሽ ገርሞኛል። 1050 ቲአይ 75 ዋት ነው፤ ለአብዛኞቹ ከማዘርቦርዱ የሚያገኙት ይበቃቸዋል። ገመድ የሚፈልጉም ስላሉ አለፍኩት።

በሦስተኛው ቀን ፎርማት አደረግኩት። አዎ። ስለዚያኛው ቤት ያልኩትን አልሰርዝም፣ ግን ይህም ይታወቅልኝ።

ዊንዶውሱ እየተጫነ ቡና ልጠጣ ወጣሁ። ቡናውም ወሬውም ረዘመ። ስመለስ ልጁ ሁሉን ጨርሶ አዲሱን ጂፒዩ-ዚ አውርዶ ከፍቶታል። ከካርዱ ስም በፊት በቅንፍ ውስጥ «ፌክ» ይላል። የኢንቪዲያ አርማ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ቢጫ ቃለ አጋኖ ተተክሏል። ፕሮግራሙ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ስማቸው የተቀየረ ካርዶችን እንዲህ ያጋልጣል። የእኔ ፍላሽ ያን ጊዜ ተኝቷል።

ልጁ ምንም አላለኝም። መጥረጊያውን አንስቶ ወለሉን መጥረግ ጀመረ። ወለሉ ንጹህ ነበር።

ቺፑን የሚያቀዘቅዘውን ብረት፣ ሂትሲንኩን ፈታሁት፣ ከሥሩ ያለውን ፔስት በአልኮል ጠረግኩት። ቺፑ ላይ ጂኤፍ116 ይላል። ይሄ የ2011ዱ ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ነው። እውነተኛው 1050 ቲአይ ላይ ጂፒ107 ነው የሚነበበው። የዚህኛው ኮር (ሥዕሉን የሚያሰላው ክፍል) 192፣ የዚያኛው 768። ማንነቱን የሚናገረው ባዮሱ ላይ አዲስ ስም ጽፈውለት አዲስ ካርቶን አልብሰውታል። 4 ጊጋ የተባለው ሜሞሪም 1 ጊጋ ነው። ጌሙ የነገሩትን አምኖ ከተማውን ሲጭን፣ ሲጭን፣ ቦታው ያልቅበትና ይወድቃል። ሦስት ቀን ሙሉ የሰደብኩት ጌም ምንም ጥፋት የለበትም።

ቪጂኤውስ? ኢንቪዲያ ከ1050 ቲአይ ትውልድ ቺፖች ላይ ቪጂኤ የሚሠራበትን የአናሎግ መውጫ አንስቶታል። 1050 ቲአይ ተብሎ ሰማያዊ ቀዳዳ ካለው መጠርጠር ነበረብኝ። ልጁን በተቀጠረ ቀን «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር» ብዬ የመከርኩት እኔው ነኝ።

ደንበኛው ማታ መጣ። ቺፑን አሳየሁት፣ ቁጥሩን በስልኩ ራሱ እንዲያጣራ አደረግኩ።

«ታዲያ ዊንዶውሱ ለምን 1050 ይላል?»

«የነገሩትን ነው የሚለው።»

ዝም አለ። ካርዱን አገላብጦ አየው።

«እህቴ ስትደውል ካርዱ እንዴት ነው ብላኝ ነበር።»

«ምን አልካት?»

«እሳት ነው አልኳት።»

በሙቀቱ ከሄድን አልዋሸም። 550 ቲአይ 116 ዋት ይበላል። ይህን ግን ያኔ አልነገርኩትም፣ ቀልድ የሚወድ ፊት አልነበረውም። ካርዱን አውጥቼ ስክሪኑን ማዘርቦርዱ ላይ ሰካሁለት። ያ ስህተት ነው እያልኩ ስንቱን ያስከፈልኩበት ቦታ ላይ። የድሮውን ጂቲኤ፣ ሳን አንድሪያስን ጫንኩለትና ያለ ምንም ችግር ተጫወተ። ሂሳብ አልጠየቅኩትም። እሱ ግን በነፃ አልሄድም አለ።

«ካርዱን ያዘው» አለኝ። «ቤት ካየሁት ይነደኛል።»

ከልጁ ጋር ስለዚያ ነገር ላወራ የሞከርኩት አንዴ ብቻ ነው። «ያን ቀን ቪጂኤ ያልከው…» ብዬ ጀመርኩ።

«የቱ፣ ጋሼ?» አለ።

የቱን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። ቢሆንም ደንበኛ ፊትም ቢሆን የመሰለህን ተናገር አልኩት። ባለፈው ማክሰኞ ተናገረ። «ቆይ፣ ኋላ እናወራለን» አልኩት።

ካርዱ አሁን መፈተሻ ሲፒዩአችን ላይ ተገጥሟል። ሱቁ ውስጥ ካሉት ካርዶች ቪጂኤ ያለው እሱ ብቻ ነው። አሮጌ ስክሪን የያዘ ሰው ሲመጣ በእሱ ነው የምንፈትሸው፤ እስካሁን አላሳፈረንም። ጎኑ ላይ አንድ ቀን ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ አገኘሁ። በሰማያዊ እስክሪብቶ «ካለው አለው» ተብሎ ተጽፎበታል። ልጁን ቀና ብዬ ሳየው ብሎን እየፈታ ነበር።